ለፋንታሲ ጌማችን ቤተ መንግሥት፦ ግንብ እንሥራ ወይስ አምባ?

ጦሳ_ስር (ደሴ)

ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ። ደሴ ያለን ጥቂት ልጆች አንድ የፋንታሲ ጌም እየሠራን ነው። በትርፍ ሰዓት፣ ያለ ብር፣ መብራት ሲኖር። አገሩ የፈጠራ ነው፣ ንጉሡም የፈጠራ ነው። ዘንዶ አለ፣ ደብተራ አለ፣ የሚናገር ጅብ አለ። አሁን ቤተ መንግሥቱ ላይ ደርሰን ተጣልተናል።

የመጀመሪያው ንድፍ አራት ማማ ያለው ግንብ ነው። ዙሪያውን ውሃ የሞላ ቦይ፣ የሚነሳና የሚወርድ ድልድይ። ያሳየነው ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ያምራል» ይላል። ወዲያው ደግሞ «ይህን የት ነበር ያየሁት?»

እኔ ግን ማማው ላይ ቅሬታ የለኝም። የኔ ችግር ከገባህ በኋላ ነው። ቀይ ምንጣፍ፣ ግራና ቀኝ ዘበኛ፣ ጫፍ ላይ ንጉሥ። ሰውዬው ሥራ የለውም፤ አንተን ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው። ኩዌስቱን (ተልእኮውን) ይሰጥሃል፣ ትወጣለህ፣ በቃ።

የሚሳካላቸው አሉ። ሱፐር ማሪዮ 64 እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጌም ነው፣ እስካሁን ግን የልዕልቷን ግንብ የሚያክል ብዙ አላየሁም። በሮቹ የሚከፈቱልህ በሰበሰብከው ኮከብ ልክ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ውስጥ ዘለህ ስትገባ ሌላ ዓለም ውስጥ ነህ። የዜልዳው ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ (እ.ኤ.አ. 2017) ደግሞ ግንቡን ከመነሻው ከሩቅ ያሳይሃል። ከመጀመሪያው ከፍታ እንደወረድክ ቀጥ ብለህ መሄድ ትችላለህ። ትሞታለህ እንጂ የሚከለክልህ የለም።

ጥያቄዬ፦ ከወሎ ምን እንውሰድ? «ፋሲል ግንብን ቅዱ» እንዳትሉኝ ብቻ። እሱ የጎንደር ነው፣ እዚያው ያምርበታል።

ሐይቅ_ዳር

ወንድሜ፣ ቤተ መንግሥት የሚወደደው ሲወረር ነው። ኤልደን ሪንግ የሚባለው ጌም ላይ ስቶርምቬይል ግንብ ስትደርስ በረኛው ሁለት ምርጫ ይሰጥሃል። በዋናው በር ከገባህ የቀስት መዓት ይወርድብሃል። በጎን ባለው ቀዳዳ ከገባህ በገደል ጥግ እየተሳብክ ትወጣለህ። ጌሙ ከወጣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው የትኛው ይሻላል ብሎ ሲከራከር ነው። አንተም ሁለት መንገድ ሥራ፣ አንዱን የጀግና፣ አንዱን የሌባ። ማማው ክብ ሆነ ካሬ ማን ያየዋል።

ቀሽት_ከኮምቦልቻ

ማማውም ቦዩም ይቅር ባይ ነኝ። አርክቴክቸር ተማሪ ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

ግንብ የሚገነባው ሜዳ ላይ ያለ ሰው ነው። ቦይ የሚቆፍረውም ገደል ያጣ ሰው ነው። እኛ አገር ገደሉ ተሠርቶ ቆይቷል። ከደሴ ተነስታችሁ ወደ አምባሰል ወይም ወደ መቅደላ ስትሄዱ መስኮት በኩል እዩ። አናቱ ጠረጴዛ የመሰለ፣ ዙሪያው ቀጥ ያለ አለት። ሰው የሚያስወጣው አንድ ወይም ሁለት ቦታ ብቻ ነው። የንጉሥ ሥራ እዚያች ቦታ ላይ በር ማቆም ብቻ ነው።

ለዲዛይን ይህ ምን ይሰጣችኋል? ተጫዋቹ ግድግዳ አያይም፣ ተራራ ያያል። ቤተ መንግሥት መሆኑን የሚያውቀው በጭሱ ነው፣ በሚወጣው የበቅሎ ሰልፍ ነው፣ ማታ አናቱ ላይ በሚታየው እሳት ነው። ከዚያ መንገዱን ይፈልጋል። ሐይቅ_ዳር ያልከው ሁለት መንገድ እዚህም አለ፤ አንዱ በሩ፣ ሌላው ገደሉ። ገደሉን የሚወጣ ሰው ግን አቅም ያስፈልገዋል። ዜልዳ ላይ ጉልበትህ እያለቀ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ እጅህ እየሟለጨ ስትወጣ እንዳለው ዓይነት።

አናቱ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ሕንጻ አትሥሩ። አጥር፣ በአጥር ውስጥ ሌላ አጥር፣ በዚያ ውስጥ እልፍኝ። ክብ የድንጋይ ቤቶች፣ ላስታ ላይ እንዳሉት ባለ ፎቅ፣ ጣሪያቸው ሣር። ክብ ቤት ጥግ የለውም፣ ስለዚህ ውስጡ መደበቅ አይቻልም። ሾልኮ መግባት ለሚወድ ተጫዋች ይህ ራስ ምታት ነው፤ እንዲሆንም ነው የምፈልገው።

የተንታው_መምህር

ልጆቼ፣ ጌም አላውቅም። ልጄ ናት «አባዬ ይህን አንብብ» ብላ ያሳየችኝ። ስለ አምባ ስታወሩ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

መቅደላን እንደ ቤተ መንግሥት ብቻ አትዩት። ለአፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤትም ነበር፣ መሣሪያ ማከማቻም ነበር፣ ወህኒም ነበር። እንግሊዞቹን ያሰሩበት እዚያ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። ሁለት መግቢያ ነበረው፤ አንዱ ኮከት በር፣ ሌላው ካፊር በር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ኮከት በር ላይ ሲደርስ በሩ ተዘግቶ ከኋላው ድንጋይ ተቆልሎበት ነበር። በሩን ያፈርሳሉ የተባሉት መሐንዲሶች ባሩዱንና መሰላሉን ረስተው መጥተዋል። 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ የመጣ ጦር መሰላል ረሳ። በመጨረሻ አንድ ወታደር በጓደኛው ጫንቃ ላይ ቆሞ፣ በጠመንጃ ሰደፍ ከታች ተገፍቶ አጥሩን ዘለለ። ንጉሡም በዚያው ቀን እጃቸውን ላለመስጠት ሽጉጣቸውን ጠጡ።

እንግዲህ ያ ልጅ «ሁለት መንገድ» ላለው፣ ሦስተኛም መንገድ አለ፦ ጓደኛ።

ደግሞ ሴባስቶፖልን አስቡ። ጋፋት ላይ የተሠራ ሰባት ቶን የሚገመት መድፍ ነው። ከደብረ ታቦር አካባቢ ተነስቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። ያን የሚያህል ነገር አምባ ላይ ማውጣት ብቻውን አንድ ታሪክ ነው።

ሐይቅ_ዳር

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መድፍ እየጎተቱ ወራት መሄድ ጌመሮች ከምድር ላይ በጣም የሚጠሉት ዓይነት ኩዌስት ነው። አንድ ቀርፋፋ ነገር አጅቦ መሄድ ማለት። 😂 የጫንቃውን ግን ወሰድኩት። ሁለት ተጫዋች አብረው ሲጫወቱ ብቻ የሚሠራ መንገድ። አሪፍ ነው።

ጦሳ_ስር

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጅዎንም አመስግኑልን። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አምባው ገባኝ። ውስጥ ያለው ሰው ግን ምን ይሠራል? ንጉሡን ከወንበሩ ማስነሳት እፈልጋለሁ።

የተንታው_መምህር

ንጉሡን አታስነሳው። ተጫዋቹን አስቀምጠው።

ዱሮ ንጉሥ ዘንድ ጉዳይ ያለው ሰው ሰተት ብሎ አይገባም። ደጅ ይጠናል። ርስት የተነጠቀ፣ ሹመት የፈለገ፣ ወንድሙ የታሰረበት፣ ሁሉም ከአጥሩ ውጭ ይከርማል። ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ስንቁ እስኪያልቅ። ጌታው ሲወጣ እንዲያየው ፊት ለፊት ይቆማል። አጋፋሪውን ይለማመጣል። እጅ መንሻ ያቀርባል፤ ማር፣ ፍየል፣ ያለውን። ተጠርቶ ቢገባ እንኳ የመጀመሪያው አጥር ውስጥ ነው የገባው። እልፍኝ አስከልካዩ ገና አላየውም።

ሠፈሩም ሥርዓት ነበረው። የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ ዘመን ግንብ ሳይሆን ድንኳን ነበር ዋና ከተማቸው። ዛሬ እዚህ፣ ከወራት በኋላ እዚያ። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጡት ፖርቱጋሎች የንጉሡን ሠፈር አይተው ተደንቀዋል። ከተማው ተነቅሎ ሌላ ሜዳ ላይ ሲተከል ሁሉም ቦታውን ያውቀዋል። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ። በጨለማ ብትመጣ እንኳ የማንን ድንኳን የት እንደምታገኘው ታውቃለህ።

አንድ ሹመት ልጨምርልህ፣ ለጨዋታችሁ የሚሆን ይመስለኛል። ሊቀ መኳስ ይባላል። በጦርነት ጊዜ የንጉሡን ልብስ ለብሶ፣ ንጉሡን መስሎ የሚወጣ ሰው ነው። ጠላት እሱን ንጉሥ ነው ብሎ ይከተለዋል።

ቀሽት_ከኮምቦልቻ

ወይኔ! ቦሱን (ዋናውን ጠላት) ገደልኩ ብለህ ስታበቃ ሊቀ መኳሱ ሆኖ ቢገኝስ?

ባቲ_ሰኞ

ሰላም ዐለይኩም። ደስታችሁን ላበላሽ ነው፣ አፉ በሉኝ።

ደጅ ጥናት በታሪክ አሪፍ ነው። በጌም ግን መጠበቅ ማለት ነው። ሰው ጌም የሚከፍተው በኑሮው መጠበቅ ስለሰለቸው ነው። እኔ መታወቂያ ለማሳደስ ወረፋ ቆሜ የዋልኩበት ቀን ማታ ስልኬን ከፍቼ እንደገና ወረፋ ልቁም? ወላሂ አላደርገውም። በአምስት ደቂቃ አጥፍቼው ኳስ ጌም ነው የምገባው።

አምባውን እቀበላለሁ፣ ሊቀ መኳሱን በጣም እቀበላለሁ። ጥበቃውን ግን ጣሉት።

ጦሳ_ስር

ባቲ_ሰኞ፣ ልክ ነህ፣ ባዶ ጥበቃ ማንም አይፈልግም። ግን ኤልደን ሪንግ ላይ ዋና ከተማዋ ሌይንዴል ለመግባት ሁለት ታላላቅ ሩን (ትልልቅ ጠላቶችን አሸንፈህ የምታገኘው) ይዘህ መምጣት አለብህ። ያም እኮ «ገና አልደረስክም፣ ሂድና ተመለስ» ማለት ነው። ማሪዮ ላይ ኮከብ ያልሞላ በር እንደዚያው። ማንም ወረፋ ነው ብሎ አላማረረም። ልዩነቱ በሩ ላይ ቆመህ የምትሠራው ነገር መኖሩ ነው።

ቀሽት_ከኮምቦልቻ

እኔም ይህን ልል ነበር። የምትጠብቅበትን ሜዳ ገበያ አድርጉት። ባቲ_ሰኞ፣ አንተ ራስህ የባቲ ገበያ ልጅ ነህ። ሰኞ ባቲ ላይ አፋሩ ግመሉን ይዞ ይመጣል፣ ኦሮሞው ይመጣል፣ አማራው ይመጣል። በሦስት ቋንቋ ዋጋ ይሰማል። ማን ነው እዚያ «ሰለቸኝ» የሚለው?

ከበሩ ውጭ ያለው ሜዳ ላይ ደጅ ጠኚዎች ይኑሩ። እያንዳንዱ ነገር ይዟል። አንዷ ባሏ አምባው ላይ የታሰረባት ናት። አንዱ ሐሰተኛ ማኅተም ይሸጣል። አዝማሪው የቤተ መንግሥቱን ወሬ በሰም ለብጦ ይነግርሃል፣ ወርቁን ከፈታህ የጎኑን መንገድ ታገኘዋለህ። ውስጥ ገብተህ ከምታገኘው ይልቅ ውጭ የምትሰማው ይበልጥ ይጠቅምህ።

ሙግትም ይኑር። በላ ልበልሃ! በግጥም የሚሟገቱበት። በሰይፍ ፋንታ በቃል የምትዋጋው ፍልሚያ። ባላጋራህ አንድ ስንኝ ይጥላል፣ አንተ ከተሰጡህ መልሶች ቤት የሚመታውንና ነገሩን የሚረታውን ትመርጣለህ። ቤት ብቻ የሚመታውን ከመረጥክ ሕዝቡ ይስቃል፣ ዳኛው ግን አይፈርድልህም።

ባቲ_ሰኞ

በላ ልበልሃዋን ወደድኳት። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። የቸኮለ ሰው እጅ መንሻ ሰጥቶ ይለፍ። ያለ ፍየል የመጣ ይጠብቅ፣ ፍየል ያለው ይግባ። መምህርም እንደዚያ ነው ያሉት።

ጦሳ_ስር

ይሆናል። ግን ለማን እንደሰጠህ ይታወሳል። አጋፋሪውን በፍየል ካለፍከው ሌላ ጊዜ ሁለት ፍየል ነው የሚጠይቅህ። 😄

ከሚሴ_ኮደር

አሰላሙ ዐለይኩም ወገን። ሁላችሁም በህልም ትሠራላችሁ፣ እኔ ደግሞ በስልክ ልመልሳችሁ። ጌሙ የሚሄደው አብዛኛው ሰው በያዘው ርካሽ ስልክ ነው። ስለዚህ ስሌቱን እንይ።

አምባው ለማሽኑ በረከት ነው። አብሽሩ፣ የምሬን ነው። ሜዳ ላይ ያለ ግንብ ከየትም አቅጣጫ ይታያል፣ ስልኩ ሁልጊዜ ይሥለዋል። አምባ ግን ከሥር ስታየው አናቱ አይታይም። የማይታየውን አለመሣል ነው። ከሩቅ ለሚታየው ተራራ ጥቂት ፖሊጎን ያለው (ቀለል ተደርጎ የተሣለ) ሌላ ቅጂ ታስቀምጣላችሁ። ኮከት በር ላይ መተላለፊያውን ቀጥ አታድርጉት፣ አንድ ጊዜ ይጠምዘዝ። በዚያች ጥምዝ ላይ ታችኛውን ሜዳ ከሚሞሪ አውጥተን ላይኛውን እናስገባለን። ተጫዋቹ ምንም አያውቅም። ስካይሪም የሚባለው ጌም ላይ እኮ የድራገንስሪችን ቤተ መንግሥት በር ስትከፍት ሎዲንግ (ቀጣዩ ቦታ እስኪጫን መጠበቅ) ነው የሚመጣብህ፣ አዳራሹ ለብቻው የተቀመጠ ቦታ ስለሆነ። እኛ ያንን በገደል መደበቅ እንችላለን።

ሜዳው ላይ ያለው ሕዝብ ግን ያስፈራኛል። ሦስት መቶ ደጅ ጠኚ እያንዳንዱ የራሱ መርሐ ግብር ያለው? አይሆንም። ኦብሊቪየን የሚባለው ጌም በ2006 እ.ኤ.አ. ለየሰው ፕሮግራም ሰጥቶ መብላት መተኛት ሲያስጀምር በኮምፒውተር ነው፣ ያም ሆኖ ስንት አስቂኝ ነገር ታይቶበታል። ለእኛ አሥራ አምስት ሰው በደንብ ይሠራ። ሌላው ጋቢ ለብሶ የተቀመጠ ይሁን። ጋቢ ደግሞ እጅና እግር ስለሚሸፍን አኒሜሽን ይቆጥባል።

ግብር የምትበሉበትን አዳራሽም እየፈራሁት ነው፣ መምህር የሚያመጡት ይመስለኛል።

የተንታው_መምህር

አመጣዋለሁ እንጂ!

ደሴ ያላችሁ አይጠየፍን ታውቁታላችሁ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። መጀመሪያ መቀመጫቸው እኛ ጋ ተንታ ነበር፣ ኋላ ነው ደሴ የሆነው። በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተባሉ፤ በ1909 ሰገሌ ላይ ተሸነፉና ተማረኩ። አዳራሹ ግን ቀረ። ለፈጠራ ንጉሣችሁ ዙፋን ከመሥራታችሁ በፊት ሄዳችሁ እሱን እዩት። የወሎ ንጉሥ ጉልበቱን የሚያሳየው በማማ አይደለም፣ በማብላት ነው።

በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ሁሉም አንድ ጊዜ አይቀመጥም። ንጉሡ ከመኳንንቱ ጋር መጀመሪያ ይበላሉ፣ መጋረጃ ተጋርዶ። ንጉሥ ሲበላ አይታይም። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ቀጣዩ ይገባል፣ በማዕረግ፣ ተራ በተራ። የበላው ይወጣል፣ ሌላው ይተካል። በየትኛው ዙር እንደገባህ ሰው ሁሉ ያያል። ለክብርህ መለኪያ ከዚህ የተሻለ የለም።

የእኛ አገር ነገርም አለበት። የወሎ ድግስ የክርስቲያንና የእስላም ተብሎ ሁለት እርድ አለው። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለእስላሙ እንግዳው እስላም ጠርቶ ያሳርዳል፤ እስላሙም እንደዚያው ያደርጋል። ማዕዱ ይለያል እንጂ ዳሱ አይለይም። በጨዋታችሁ ያለው አገር የፈለገውን ሃይማኖት ይያዝ፣ ወጥ ቤቱን ግን ሁለት አድርጉት።

ከሚሴ_ኮደር

መምህር፣ እጅ ነሳሁ! ተራ በተራ ከሆነ ችግሬን ፈቱልኝ። በአንድ ዙር ሃያ ሰው ብቻ ነው አዳራሹ ውስጥ የሚኖረው። መጋረጃው ደግሞ ሎዲንጋችን ነው። መጋረጃ ሲዘጋ ያለፈውን ዙር አጥፍተን የሚቀጥለውን እናስገባለን። ተጫዋቹ ሎዲንግ ሳይሆን ክብር ነው የሚመስለው።

ሐይቅ_ዳር

እሺ መግቢያውም ግብሩም ተሠራ። ወህኒውስ? ቤተ መንግሥት ያለ ወህኒ አይሆንም። ግሸንን አድርጉት! ያ መስቀል ቅርጽ ያለው አምባ። ልዑላን እዚያ ታስረው ይኖሩ ነበር አይደል? ከላይ እስከ ታች ጭራቅ ሙሉበት።

ቀሽት_ከኮምቦልቻ

ኧረ በማርያም! ግሸን ላይ ጭራቅ? መስከረም 21 ስንት ሺህ ሰው በእግሩ የሚወጣበት ቦታ ነው። አያቴ ይህን ጌም ስልኬ ላይ ብታየው ስልኩንም እኔንም ነው የምታቃጥለው።

የተንታው_መምህር

ልጄ ልክ ናት። በትውፊት ግማደ መስቀሉ ያለበት ቦታ ነው፣ ስሙን ተዉት። አሳቡ ግን የሚጣል አይደለም።

እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የነገሥታቱ ወንድ ልጆችና ዘመዶች ግሸን አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር፣ ዙፋን እንዳይሻሙ። ኋላ በጎንደር ዘመን ይህ ሥራ ወደ ወህኒ አምባ ሄደ። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ይመክሩና አንዱን ልዑል አውርደው ያነግሡታል። አስቡት፣ ትናንት እስረኛ የነበረ ዛሬ ንጉሥ ነው። አገሩን አያውቀውም፣ አገሩም እሱን አያውቀውም። ያወረዱት ሰዎች ግን በደንብ ያውቁታል።

ጦሳ_ስር

መምህር፣ የጌሙን ታሪክ ሰጡኝ እኮ! ንጉሡ ሞቷል፣ ሞቱ ተደብቋል። ሊቀ መኳሱ የንጉሡን ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ስለዚህ ነው ማንም እንዲገባ የማይፈለገው፣ ስለዚህ ነው ደጁ የሞላው። መጋረጃው ከግብር ውጭም የማይገለጠው ለዚህ ነው። ተጫዋቹ ይህን ሲያውቅ ወደ ሌላው አምባ ሄዶ አንዱን ልዑል ያወርዳል። የትኛውን? እዚያ ላይ ነው ምርጫው። አምባው ስም አይኖረውም፤ ጭራቅም አይኖረውም፤ ጠባቂዎችና የሰለቻቸው ልዑላን ብቻ።

ባቲ_ሰኞ

ይኸውላችሁ፣ አሁን ሰው ይጠብቅላችኋል። በሩ የተዘጋበት ምክንያት ካለው ጥበቃው ጥበቃ አይደለም፣ ምርመራ ነው።

ቀሽት_ከኮምቦልቻ

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ሎት። ጌም ላይ ቤተ መንግሥት ገብተህ ሣጥን ሁሉ ከፍተህ ታፍሳለህ። መጽሐፍ፣ ጽዋ፣ ዘውድ፣ ሁሉም ቦርሳ ይገባል። ማንም አይቆጣህም። እኔ መቅደላ ላይ የሆነውን እያሰብኩ ይህን መሥራት ይከብደኛል። ከዚያ የተዘረፈውን ለመጫን 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ ነው ያስፈለገው። ዘውዱ ለንደን ሙዚየም ውስጥ ነው። 11 ታቦት ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ለጎብኚ እንኳ አይታይም።

የኔ አሳብ፦ መስረቅ ይቻል። ግን የሰረቅከው ነገር ባለቤት ይኑረው። መጽሐፉን ከወሰድክ ቄሱ በሚቀጥለው ቀን ባዶ አትሮንስ ፊት ይቁም። ጌሙ አይቅጣህ፣ ብቻ ያሳይህ።

የተንታው_መምህር

ጥሩ ብለሻል። ታሪኩ ሌላም ጎን አለው። መቅደላ ላይ ከተገኘው መጽሐፍ ብዙው አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያስወሰዱት ነው። ስለዚህ የጨዋታችሁ ንጉሥ ግምጃ ቤት ውስጥ ያለው ነገርም የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ተጫዋቹ ይመልስ ቢባል ለማን ነው የሚመልሰው? እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ሐይቅ_ዳር

ከበደኝ፣ ግን ተስማምቻለሁ። ሙዚቃስ? ዜልዳ ላይ ከግንቡ ውጭ ሙዚቃው በሙሉ ኦርኬስትራ ይጮሃል፣ ውስጥ ስትገባ ያው ዜማ ቀዝቀዝ ይላል። እኛ ቅኝቱን መቀየር እንችላለን። ሜዳው ላይ ባቲ፣ በሩን ስታልፍ አምባሰል።

ባቲ_ሰኞ

ባቲ ሜዳ ላይ መቅረቷ አናዶኛል፣ ግን እንደ ገበያ ልጅ እቀበላለሁ። ነጋሪት እንዳትረሱ። በጌማችን ለንጉሡ 44 ይመታ። ሐሰተኛው ንጉሥ ሲወጣ አንድ አጉድሉበት፣ ቆጥሮ የሚያውቅ ተጫዋች ይወቅ።

ከሚሴ_ኮደር

ማን ነው 44 ከበሮ የሚቆጥረው ወንድሜ?

ባቲ_ሰኞ

አንድ ሰው ይቆጥራል። ከዚያ ቪዲዮ ሠርቶ ይለቅልሃል፣ አንተ ደግሞ ማስታወቂያ በነፃ አገኘህ።

ጦሳ_ስር

በቃ ማማዎቹን ዛሬ አጠፋኋቸው። ቦዩ ላይ አንዱ ጓደኛችን አለቀሰ፣ ውሃውን ለማሳመር ብዙ ደክሞበት ነበር። ውሃውን ለሐይቅ እንጠቀምበታለን አልኩት።

የምንሠራው እንዲህ ነው። ከታች የገበያ ሜዳ፣ ከዚያ የመጀመሪያው በር ከነጥምዙ፣ ከዚያ የውጭ አጥር ከግብር አዳራሹ ጋር፣ ከዚያ ሁለቱ ወጥ ቤቶች፣ መጨረሻ እልፍኙ። ገደሉ በሁለት ተጫዋች ብቻ ይወጣል። ግምጃ ቤቱ ከአዳራሹ ጀርባ ነው፣ ቀሽት ያለችው ደንብ ይሠራበታል። ለጊዜው ሁሉም ግራጫ ሣጥን ነው፣ ቤት የለም፣ ሰው የለም፣ መራመድ ብቻ ነው የሚቻለው። ከሜዳው እስከ እልፍኙ ያለው መንገድ ያስጠላል ወይስ አያስጠላም የሚለውን መጀመሪያ እንየው።

ከሚሴ_ኮደር

ጎዶት (ጌም መሥሪያው ሶፍትዌር) ላይ ከሆነ የሠራችሁት ፋይሉን ላኩልኝ፣ የመጀመሪያውን በር እኔ እሞክረዋለሁ። የበቅሎ ሰልፉን ግን አሁን አታስገቡ። በቅሎ በጠባብ መንገድ ላይ ሲዞር ሌላው በቅሎ ይወድቃል፣ ገደሉ ደግሞ ቅርብ ነው።

የተንታው_መምህር

በቅሎ አይወድቅም ልጄ። ፈረስ ነው የሚወድቀው።

ከሚሴ_ኮደር

እሺ ጋሼ፣ ለኮዱ እነግረዋለሁ። 😂

ቀሽት_ከኮምቦልቻ

ክብ ቤቶቹን እኔ በብሌንደር (የ3ዲ ሥዕል ሶፍትዌር) ልሥራ። ጦሳ_ስር፣ የበሩን ስፋት በሜትር ንገረኝ፤ ሁለት የተጫነ በቅሎ ጎን ለጎን ያሳልፍ ወይስ አንድ ብቻ?

ጦሳ_ስር

አንድ ብቻ። ሁለተኛው ይጠብቅ።